ሕፃናት ስልክ መንካት የሚጀምሩት ለምንድን ነው?

ሕፃን ልጅ ወደ ስልክ እጁን የሚዘረጋው ከሁለት ነገር የተነሣ ነው፤ የሚወዳቸው ሰዎች ሲይዙት ያያል፣ ሲነካው ደግሞ ስልኩ አንድ ነገር ይመልስለታል። ይህ አዲስ አበባም ሆነ ቶኪዮ ያለ ሕፃን ሁሉ የሚጋራው ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ግን እንደየአገሩ ኑሮ ይለያያል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ልጅን ከስልክ ጋር የሚያስተዋውቁት ባሕር ማዶ የሄደ ዘመድ፣ ማንበብ የማይችል አያት፣ ፋታ የሌላት እናትና በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ናቸው።

በእነዚህ ወረዳዎች ስለ ሕፃናትና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲወራ በአብዛኛው የሚወራው ስለ ስልክ ነው። ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ያለው ቤት ጥቂት ነው። ቴሌቪዥን ከነዲሹ በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች ይገኛል። መብራት ባልደረሰበት የገጠር ቀበሌ ግን ያለው ኃይል ጣራ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ሶላር ናት። ሶላሯ ቀን ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ማታ አንዲት አምፖል ታበራለች። እሷም የሌለችው ሰው ገበያ ሲወጣ ስልኩን ከተማ ላይ ከፍሎ ቻርጅ ያስደርጋል። የኔትወርኩም ነገር እንደ መሬቱ አቀማመጥ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከጉና ተራራ ጎን ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ደጋውን ትቶ ቆላ ይገባል፤ ገደል ሥር ያለ መንደር ሰው ለመደወል ኮረብታ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ልጅ ስልክን መጀመሪያ የሚያውቀው ቻርጁና ካርዱ የሚቆጠብ፣ ሕፃን እንዳይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ የሚቀመጥ ብርቅ ዕቃ ሆኖ ነው። አዋቂዎች የሚሳሱለትን ነገር ልጅ ሳይነካው አያድርም።

ሞባይል በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ80 ሚሊዮን አልፏል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። ዛሬ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወላጆች ራሳቸው ሕፃን ሳሉ በቤታቸው ስልክ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ግን ስልክ የሌለበትን ቀን አያውቁም። ልጅ በስንት ዓመቱ ጥጃ እንደሚጠብቅ፣ መቼ በግ እንደሚያግድ፣ መቼ እርፍ እንደሚይዝ በገበሬው ዘንድ ወግ አለ። ወጉ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ስለሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አይመክርበትም። ስልክን በሚመለከት እንዲህ ያለ ወግ ገና አልተሠራም። አባት «እኔ በዚህ ዕድሜ» ብሎ የሚጠቅሰው የራሱ ልጅነት ስለሌለ፣ ስልክ በልጅ እጅ የሚገባበት ጊዜ በዕድል፣ በጥድፊያና በሁኔታ ይወሰናል። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚመጣው ማየትና መኮረጅ ነው። ገና መናገር ያልቻለ ሕፃን የቆርቆሮ ቁራጭ ወይም ባዶ የክብሪት ቤት ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ» ሲል በየቤቱ ይታያል። ይህ ለአዋቂ ሳቅ ነው፤ ለልጁ ግን ትልቅ ሥራ ነው፤ አባቱን እየሆነ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድሩ ሜልትዞፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ጥናት የዚህን ጉልበት ያሳያል። በ14 ወር ሕፃናት ፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድን ሣጥን በግንባሩ ይነካል፤ ሣጥኑ ይበራል። ሕፃናቱ ያን ዕለት ሣጥኑን አልነኩትም። ከሳምንት በኋላ ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ ጎንበስ ብለው በግንባራቸው ነኩት። ግንባር ሣጥን ለማብራት የሚመች ነገር አይደለም፤ ግን ያዩት እንዲያ ነውና እንዲያው አደረጉ። በአንድ ዕለት ብቻ ያየውን ይህን ያህል የሚይዝ ሕፃን፣ አባቱ ከእርሻ ገብቶ፣ ታላቅ ወንድሙ በግ እያገደ፣ አክስቱ ቡና እያፈላች ቀን በቀን ሲነኩት የሚያየውን ስልክ ባይነካ ነበር የሚደንቀው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመኮረጅ ይጠልቃል። ካሮሊን ሮቪ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ሙከራ፣ ሦስት ወር ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት ቁርጭምጭሚት ከአልጋቸው በላይ ከተንጠለጠለ መጫወቻ ጋር በጥብጣብ አገናኘች። ሕፃኑ ሲራገጥ መጫወቻው ይወዛወዛል። ሕፃናቱ ነገሩን ፈጥነው ደረሱበት፤ እርግጫቸውንም ጨመሩ። ደስ ያሰኛቸው መጫወቻው መወዛወዙ ብቻ ሳይሆን «እኔ ነኝ ያወዛወዝኩት» የሚለው ስሜት ነው። የሰው ልጅ ከመናገሩ በፊት የሚፈልገው የሚመልስለትን ነው። በገጠር ቤት የልጅ መጫወቻ የጭቃ በሬ፣ የጨርቅ አሻንጉሊትና ከእንጨት የተሠራ መኪና ነው። የጭቃ በሬ አይጮኽም፤ የሚጮኽለት ልጁ ራሱ ነው፣ ይህም ለአእምሮው ትልቅ ልምምድ ነው። ስልክ ግን በራሱ ድምፅና በራሱ ብርሃን ይመልሳል፤ ሲነኩት አይታክተውም፣ «ቆይ» አይልም፣ «ሂድ ወዲያ» አይልም። እንዲህ ሳይሰለች የሚመልስ ሰው በሥራ በተጠመደ ቤት አይገኝም።

ቴክኖሎጂውም በበኩሉ ለሕፃኑ በሩን ከፍቶለታል። ባለ ቁልፍ ስልክ ቁጥርና ፊደል የሚለይ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ሕፃን ከባትሪው መብራትና ከጥሪው ዜማ ያለፈ የሚያገኝበት ነገር አልነበረም። በጣት በመንካት የሚሠራው «ታች» ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ማንበብ ግድ መሆኑ ቀረ። ሥዕሉን አይቶ መንካት ይበቃል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ማንኪያ አስተካክሎ ወደ አፉ ሳያደርስ በመስታወቱ ላይ ጣቱን ማንሸራተት ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ያልተማረች አያትና ሕፃን የልጅ ልጇ በዚህ ዕቃ ፊት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም የሚመሩት በሥዕልና በፊት ነው።

ፊት ሲባል በእነዚህ ወረዳዎች ልዩ ክብደት አለው። መሬቱ የተራቆተና የተጣበበ፣ ዝናቡ የሚያታልል በመሆኑ ከጋይንትና ከስማዳ ሰው ለሥራ መውጣቱ የቆየ ነው፤ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ፣ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ለቀን ሥራና ለቤት ሠራተኝነት፣ ወደ ዓረብ አገርም እንዲሁ። እናቱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ በአያቱ እጅ ያድጋል። እናት ኢሞ በተባለው የቪዲዮ ጥሪ ስትደውል ስልኩ ወደ ልጁ ፊት ይዞራል። «እኔ ማን ነኝ? እስቲ ንገረኝ» ትለዋለች፤ ልጁ መስታወቱን በመዳፉ ይዳብሳል፣ አንዳንዴም ይስመዋል። ለዚህ ልጅ ስልክ መጫወቻ ከመሆኑ በፊት የእናቱ ማደሪያ ነበር። ሲያለቅስ «ስልክ» ብሎ ቢጠይቅ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ፍቅር ይዞት ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

ይህን በተመለከተ የታወቀ ጥናት አለ። ሳራ ሮዝቤሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናቸውን ልጆች ይመለከታል። አዲስ ቃል ፊት ለፊት ካለ ሰው ወይም በቪዲዮ ጥሪ ከሚያናግራቸው ሰው የሰሙት ልጆች ቃሉን ተማሩት፤ ተቀርጾ በተቀመጠ ቪዲዮ የሰሙት ግን አልተማሩትም። ልዩነቱ መልስ ላይ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ያለችው ሴት ልጁን ስሙን ጠርታ ታናግረዋለች፣ እሱ ሲያቅማማ ትጠብቀዋለች፤ የተቀረጸው ቪዲዮ ግን ልጁ ኖረም አልኖረ ይቀጥላል። እንግዲያው ከዓረብ አገር የምትደውል እናት ልጇን በስልክ ቃል ልታስተምረው ትችላለች፤ በዚያው ስልክ ላይ የተጫነ ካርቱን ግን ለሁለት ዓመት ልጅ ያን ያህል አይፈይድም። ስልኩ አንድ ሆኖ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ በቤት ውስጥ የሚነሣው «ልጁ ስልክ ይንካ ወይስ አይንካ» የሚለው ክርክር ይህን ልዩነት ስለማያይ ብዙ ጊዜ ፍሬ አይሰጥም።

የእናት ሥራ ሌላው ምክንያት ነው፤ ለዚህ የምሽቱን ሰዓት ማየት ይበቃል። እናት ከውኃ ወይም ከወፍጮ ተመልሳ እሳት ታቀጣጥላለች፣ ምጣድ ትጥዳለች፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። የሁለት ዓመቱ ልጅ ቀሚሷን ይዞ ይጎትታል። እንዳታዝለው ጀርባዋ ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ውሏል፤ እንዳትተወው እሳቱ ቅርብ ነው። ስልኩን ከመደቡ ራስጌ ታነሣና የተጫነ ዘፈን ከፍታ «እንካ የኔ ጌታ፣ ይህን እይ» ትለዋለች። ልጁ ዝም ይላል፣ እንጀራው ይጋገራል። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ልጁ ማልቀስ ይጀምራል፤ ልቅሶ ስልክ እንደሚያመጣ ተምሯልና። እናቲቱም ስልክ ልቅሶ እንደሚያቆም ተምራለች። እርስ በርስ የተማማሩት ነገር በጥቂት ቀን ውስጥ የቤቱ ልማድ ይሆናል። ለዚህ እናትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ድሮ ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እህት ትምህርት ቤት ውላለች ወይም ከተማ ተቀጥራለች፣ አያት ደክመዋል፣ አባት ከብት እያስገባ ነው። ከሥራ መልስ ራሱን ለማሳረፍ ለልጁ ስልክ የሚሰጥ የደብረ ታቦር የቢሮ ሠራተኛም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ለዚያውም የእሷን ያህል ጫና ሳይኖርበት።

ልጅ ከፍ ብሎ ፊደል ሲቆጥር ደግሞ ምክንያቱ ይለወጣል። በገጠር ቤት ብዙ ጊዜ አንባቢው ተማሪው ልጅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ካስጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል እየተለመደ መጥቷል፤ መልእክቱን ማንበብ፣ የሚስጥር ቁጥር መሙላት፣ የደረሰውን ብር ማረጋገጥ ግን ንባብ ይጠይቃል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ከትምህርት ቤት ስትገባ አያቷ ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው «እስቲ ይህቺን አንብቢልኝ የኔ እናት፣ ከዘመድ ይሆን ከቴሌ?» ይሏታል። «እሽ እምዬ» ብላ ታነባለች። ቀሪ ሒሳብ ሲጠየቅ «ኮከብ 804 መሰላል» ብላ የምትደውለው እሷ ናት። የጠፋ ስም የምታወጣው፣ ድምፁ የጠፋበትን ስልክ የምታስተካክለውም እሷ ናት። ይህች ልጅ ስልክ የጀመረችው በጨዋታ ፍለጋ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሥራ ሰጥቷት ነው። ሥራው ክብር አለው፣ በዘጠኝ ዓመቷ በአዋቂ ጉዳይ ታማኝ ሆናለች። ስልኩ እጇ ላይ ስለሚቆይ ግን ከመልእክቱ ቀጥሎ ጌም፣ ከጌሙ ቀጥሎ ቪዲዮ ይከተላል። የቤተሰቡን የሚስጥር ቁጥር ጠንቅቃ የምታውቀው ልጅ መሆኗም አያቷን ሊያሳስባቸው የሚገባ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አያሳስባቸውም።

የትምህርት ቤት መዘጋት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ምክንያት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን የቀረበው ትምህርት መብራት ለሌለው ገጠር ብዙም አልደረሰም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ንፋስ መውጫ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ግጭት በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደርም ከዚያው ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቋረጠው ትምህርት ብቻ አይደለም። በእረፍት ሰዓት የነበረው ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ የጨርቅ ኳስ፣ በመንገድ ላይ የነበረው ግርግር ሁሉ ይቀራል። ተኩስ በተሰማ ቀን ወላጅ ልጁን ቤት ያስገባና በር ይዘጋል። በነሐሴ ለቡሄ ጅራፍ ገምዶ ሜዳ ለሜዳ ማጮህ የለመደ ልጅ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱን የሚያወጣበት ያጣል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያለው የሚናገር ነገር ስልክ ብቻ ነው። ወላጅም ልጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲያየው ቢያንስ ደጅ አልወጣም ብሎ ይጽናናል፤ ይህ የፍርሃት ምክንያት እንጂ የስንፍና አይደለም።

ኢንተርኔቱ መቋረጡ ልጆችን ከስልክ ያላቀቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። ነገር ግን የገጠር ስልክ ከመጀመሪያውም የሚኖረው በሚሞሪ ካርድ ነው። ሰው ገበያ ወጥቶ ከሱቅ ሚሞሪ ያስጭናል፤ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ኮሜዲ፣ ፊልም፣ ካርቱን ተደባልቆ ይጫናል። ማንም ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ወጣቱ ለራሱ ያስጫነው የውጭ አገር የጦርነት ፊልም የአራት ዓመት እህቱ እጅ ይገባል። ኢንተርኔት ያለበት ከተማ ሲኬድ ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀልም፤ ዩቲዩብ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩን ራሱ ያስጀምራል፣ ቲክቶክም ማቆሚያ የሌለው ሆኖ የተሠራ ነው። አዋቂን የሚያሸንፍ አሠራር ሕፃንን ያሸንፈዋል።

ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው መጀመር እንደሚችሉ በዚሁ አገር የታየ ነገር አለ። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ 40 ያህል ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አኑሮ ሄደ። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም፤ ለአዋቂዎቹ የተነገራቸው የሶላር ቻርጁ አጠቃቀም ብቻ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዜማ ያዜሙ ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱ። ድርጅቱ ስለ ራሱ የተናገረው ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ሆኖም ከዜናው ተነጥሎ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ አንድ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ይለውጥ ነበር፣ ውስጡ ያለውም ሆን ተብሎ ለልጅ የተመረጠ ነበር። የወንጪና የጋይንት ልጆች በብልሃት አይበላለጡም። የሚለያዩት ሚሞሪው ላይ ያለውን ማን እንደመረጠው ነው።

ለልጅ ተመርጦ በአማርኛ የተሠራ ነገር በአገሪቱ ጨርሶ ጠፍቶ አያውቅም። ተስፋዬ ሳህሉ፣ አገር የሚያውቃቸው አባባ ተስፋዬ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተመሠረተበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለአርባ ዓመታት ገደማ ለልጆች ተረት ተርተዋል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የቀጭኔ አሻንጉሊት ዝግጅት ለሕፃናት አቀረበች። ሁለቱም ልጅን በልጅ ቋንቋ፣ በልጅ ፍጥነት የሚያናግሩ ነበሩ። ከገበያ ሱቅ ሚሞሪ ላይ ግን እንዲህ ያለው ማግኘት ብርቅ ነው፤ የሚገኘው በልጁ ቋንቋ ያልተሠራ ካርቱን ነው። ልጁ ሳይሰማው ያየዋል፣ ቀለሙንና ጩኸቱን ብቻ ይይዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተቀምጦ ስክሪን ባያይ ይመረጣል ይላል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይመክራል። መመሪያው የወጣው ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ መቀመጥና ስለ እንቅልፍ ነው። ለገጠር ልጅ ከሦስቱ አሳሳቢው እንቅልፍ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ቀን ሲሮጥ የሚውል ልጅ የመንቀሳቀስ እጦት የለበትም፣ ስልኩ ግን በአብዛኛው እጁ የሚገባው ማታ ነው። ብርሃኑ በጨለማ ቤት ውስጥ ዓይኑ ላይ ይወድቃል፣ የእንቅልፉ ሰዓት ይገፋል። ያ ሰዓት ደግሞ ድሮ የተረትና የእንቆቅልሽ ሰዓት ነበር። እንቆቅልሽ መልስ የሚጠብቅ ጨዋታ ነው፤ ያልመለሰ ልጅ አገር ይሰጣል፣ ይሰደባል፣ ይስቃል፣ ነገ ደግሞ ራሱ ይጠይቃል። አያት ባሉበት ቤት ይህ ጨዋታ አሁንም ይገኛል፤ ሲጀመርም ስልክ ይዞ የነበረው ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱ አስቀምጦት ይመጣል።

ልጅ የራሱን ስልክ የሚይዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአሥራዎቹ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ነው። በከተማ ወላጅ ይገዛለታል። በገጠር ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በራሱ ላብ ነው፤ በእረኝነት ተቀጥሮ፣ ሰሊጥ አጭዶ፣ ብሎኬት ተሸክሞ ያገኘውን የመጀመሪያ ብር ያገለገለ ስልክ ያወጣበታል። የሚገዛበት ምክንያት ከሕፃኑ የተለየ ነው፤ ከአገሩ ርቋልና የቤቱን ድምፅ ይፈልጋል፣ ሥራ የት እንዳለ ለማወቅ ይፈልጋል፣ እኩዮቹ ይዘዋልና ማነስ አይፈልግም። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን የሚወስን፣ ሚሞሪውን የሚመርጥ ራሱ ነው፤ ወላጆቹ ስልካቸው ሲበላሽም ይዘው የሚመጡት ወደ እሱ ነው።